የይታይሽ ማተብ

እሑድ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ጣቴ ገባች። እንደ ሁልጊዜው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይታይሽን ደጃፍ ላይ ከፀሐይ ፊት አስቀምጬ፣ አመልካች ጣቴን በማተቧና በአንገቷ መካከል ሰድጄ ለካሁ። ጣቴ ካለፈች እንቅርቱ አልጨመረም ማለት ነው። ይህን መለኪያ ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ያወጣሁት ነው። ፊደልም ማንም አላስተማረኝም።

«ጨረሱ?» አለችኝ።

«ዝም በይ፤ ስትናገሪ አንገትሽ ይነፋል።»

«ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ዝም በይ እንዳሉኝ ነው» አለች ሚስቴ። እውነቷን ነው። ዝም ብላም አታውቅም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ማተቡ አልጠበበም፤ እሷ ግን ካለፈው ክረምት ይልቅ ትታፈናለች። ድምፅዋ ሻክሯል። ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሲሸሽ እሷ ጋቢ ላይ ጋቢ ትደርባለች። ጥጥ እየፈተለች ተቀምጣ ሳለ እንቅልፍ ይጥላትና እንዝርቱ ከእጇ ያመልጣል።

በዚህ ቤት የደነገግሁትን እጽፋለሁ፤ ልጄ አንጓች ታንብበው። ይታይሽ ስትተኛ ጭድ የሞላ ስልቻ ከራስጌዋ ይደረግ፤ በጀርባዋ ተዘርግታ አትተኛ። እንጀራዋ በወጥ ይርስ። ጉርሻው ትንሽ ይሁን። ቆሎ አይቅረብላት። እሳቱ ጭሱን ሳይጨርስ ማድቤት አትግባ። ብርድ ብርድ ሲላት ማንም አይሳቅባት፤ ይህ የመጨረሻው ለጎረቤትም ጭምር ነው።

ሌላ፦ አይጥ የበርኖሴን ጠርዝ እየበላው ነው። ወጥመድ ማበጀት አለብኝ።

ሰኞ፣ ጥር ፲፫

ዛሬ ውሃ ቀዳሁ።

አህያችንን ጣሊያን ለመንገዱ ድንጋይ ማመላለሻ ከነዳብን ወዲህ ውሃ የሚመጣው በይታይሽ ጀርባ ነበር። አንጓች ትቅዳ እንዳልል ባሏ ጫካ ከገባ ጀምሮ የሁለት ቤት አዝመራ በሷ ላይ ነው። ትናንት ማታ ይታይሽ ከምንጭ ስትመለስ በአጥር ቀዳዳ አየኋት። የእንስራው ገመድ በደረቷ ላይ ያልፍና ልክ ከእንቅርቱ ሥር ያርፋል። ትንሽ ትሄዳለች፤ ትቆማለች፤ አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች። ከዚያ ማንም እንዳላያት ዞር ዞር ብላ ትቀጥላለች።

ጠዋት እንስራውን አዝዬ ወጣሁ። ምንጩ ላይ ከነበሩት ሴቶች አንዷ፣

«አያ አድማሱ፣ ቀሚስ እናምጣልዎ?» አለች።

«የሚበቃኝ ካለሽ አምጪ፤ ብርዱ ጠንቷል» አልኋት።

ስመለስ ጎረቤቴ አያ ዳምጤ ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ። «አድማሱ! ጢምህን ምን ልታደርገው ነው?»

«እሱም ይጠማዋል» ብዬ አለፍሁ።

ገመዱን አላወቅሁበትምና እንስራው ተንጋዶ ጀርባዬን አራሰው። ይታይሽ እንስራውን ከጀርባዬ ስታወርድ ውስጡን ዐይታ፣ «ግማሹን ለመንገዱ አጠጡት?» አለች። እየሳቀች ሳል ያዛት። መሳቅንም ልከለክላት አስቤ ነበር፤ ተውሁት።

ደንብ ልጨምር፦ አንገቷ የታመመ ሰው በደረቷ ላይ ገመድ አታስር።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፬



ምሳ ሰዓት ላይ ከጥምቀት የተረፈ የደረቀ ዳቦ አግኝታ ከኔ ተደብቃ ጎረሰች። አነቃት። ፊቷ ጠቆረ፤ ዐይኗ ተጎልጉሎ ወጣ። ጀርባዋን መታሁ። ውሃ ሰጠኋት፤ አልወርድ አለ። ማተቡ ያነቃት መሰለኝና ላሰፋላት ከማጅራቷ እጄን ሰደድሁ።

ጣቴ ቋጠሮ ነካች። ከሱ ቀጥሎ ሌላ ቋጠሮ። ከሱም ቀጥሎ ሌላ።

በዚያው ዳቦው ወረደላትና ተነፈሰች። ዕንባዋን ጠርጋ፣ «ተሻለኝ፤ ይልቀቁኝ» አለችኝ። አልለቀቅኋትም። ወደ በሩ ብርሃን አዞርኋት። ከፊት ያለው ክር የጥንቱ ነው፤ ዘመን አደብዝዞታል። ከኋላ በፀጉሯ የተሸፈነው ግን አዲስ፣ ጥቁር፣ የሱፍ ክር ነው። ማተብ አይበጠስም፤ ስለዚህ እየፈታች፣ እንቅርቱ በጨመረ ቁጥር እየቀጠለችበት ኖራለች። እኔ በየሰንበቱ ጣቴን እየሰደድሁ «አልጨመረም» እላለሁ።

ሱፉን ዐወቅሁት። የበርኖሴ ጠርዝ ነው።

ንቅሳቷን ማየት ይገባኝ ነበር። ሳገባት በአንገቷ ዙሪያ የተነቀሱት መስመሮች እንደ ጥሩ ገበሬ ትልም ተጠጋግተው ነበር የወረዱት። ዛሬ በመስመርና በመስመር መካከል አውራ ጣት ይተኛል። ንቅሳት አይቀጠልም።

ያበጀሁትን የአይጥ ወጥመድ አፈረስሁት።

ሮብ፣ ጥር ፲፭

ከትናንት ጀምሮ አላናገርኋትም። ጾሙን ፈትተን ስንበላ እሷ ራሷ ጀመረች።

«ቁጣዎ የበርኖሱ ነው ወይስ የኔ?»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርዎ ምን ያደርጉ ነበር? ሐኪም ያለው ማርቆስ ከተማ ነው። አንቱ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የጣሊያን ባንዲራ እስኪወርድ ከተማውን አልረግጥም ብለዋል። ለኔ ሲሉ ቢገቡ ቃልዎ ይቀራል። ገብተው ደግሞ ከዘበኛው ጋር መጣላትዎ አይቀርም፤ ያን ጊዜ አንቱም ይቀራሉ። እኔ ብታፈን ይሻላል ብዬ በርኖሱን ተረተርሁ።»

ወጥቼ አጥሩን ጠገንሁ፤ የተሰበረ አልነበረም።

ወደ ማታ አንጓች ነጭ ሽንኩርቷን ሽጣ ከሮብ ገበያ ተመለሰች። በገበያው እንደ ሰማችው፣ ማርቆስ ያለው የጣሊያን ሐኪም ሐሙስ ሐሙስ እንቅርት ያለበትን ሰው እያየ የሚጠጣ መድኃኒት ይሰጣል። ይህን ከነገረችን በኋላ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረገች።

«አባዬ፣ እኔንም እስኪ እዩኝ።»

የርግብ እንቁላል የምታህል እንቅርት ናት፤ ውሃ ስትውጥ ከፍ ዝቅ ትላለች። ጣቴን በማተቧ ውስጥ ሰደድሁ፤ አለፈች። ቀጥዬ ማጅራቷን ዳሰስሁ። ቋጠሮ የለም። «አባዬ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አለች። እናቷ ፊቷን አዞረች።

ሳይመሽ አያ ዳምጤ በቅሎውን ጭኖ በራችን ላይ አቆመ። ማን እንደ ነገረው አላወቅሁም። «ውሃውን በጀርባህ ተሸከም፤ ሚስትህን ግን በበቅሎ ውሰዳት» አለኝ። አመስግኜው ሳልጨርስ ሄደ።

ከከተማው በር እስካለው ድልድይ አደርሳቸዋለሁ። ከዚያ አንጓች ትውሰዳት። ቃሌ ቃል ነው።

ሐሙስ፣ ጥር ፲፮

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ሜዳው በውርጭ ነጭቶ ነበርና በርኖሴን ለይታይሽ ደረብሁላት። «ጠርዙ የተበላ ነው» አልኋት። «ዐውቃለሁ» አለች ከበቅሎዋ ላይ።

ከከተማው በር ካለው ድልድይ ስንደርስ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። «በሉ፣ እዚህ እጠብቃችኋለሁ።»

ይታይሽ ከበቅሎ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?»

«አንቱ ካልገቡ አልገባም።»

«ቃል አለብኝ እኮ!»

«እኔም አሁን ቃል ገባሁ። ማርያምን አልገባም።»

አንጓች ልጓሙን እንደ ያዘች አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቷን አየች። «እዚሁ ልትከርሙ ከሆነ ንገሩኝ፤ በቅሎዋን ልመልሳት።»

እንደ ተቀመጥን ጥላው ከፊታችን ሸሸ። ይታይሽ ትንፋሿ እየተቆረጠ፣ እየሰማኋት፣ ወደኔ ዞራ እንኳ አላየችም። ተነሣሁ። ቃሌን እኔ አልሰበርሁትም፤ እሷ ናት የሰበረችብኝ። ለንስሐ አባቴም እንዲሁ ብዬ ነው የምነግራቸው። ባንዲራውን እንዳላይ እስከ ሐኪም ቤቱ ድረስ የበቅሎዋን ኮቴ እያየሁ ሄድሁ።

ሐኪሙ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ልጅ ነው። ቋንቋችንን የሚያውቅ አስተርጓሚ አጠገቡ አለ። ሐኪሙ ከይታይሽ ኋላ ቆሞ አንገቷን በሁለት እጁ ያዘ፤ አስተርጓሚው ውሃ ሰጥቶ «ዋጪ» አላት። ስትውጥ ሐኪሙ በጣቱ ያዳምጣል። አያያዙ ደኅና ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። አንጓችንም እንዲሁ አየ። ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ።

«ይቅመሰው» አልሁ።

አስተርጓሚው ደነገጠ። «አባት፣ ሐኪም መድኃኒት አይቀምስም።»

«እኛ አገር አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለሰው አይሰጥም። ለወዳጅ እንኳ እንዲህ ነው። እሱ ደግሞ ወዳጄ አይደለም። ንገረው።»

«ያሳስሩናል!»

«ንገረው አልሁህ።»

ነገረው። ሐኪሙ በብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ጣል አደረገና እኔ መዳፌን ዘርግቼ እንዳሳየሁት በመዳፉ አፍስሶ ላሰው። ፊቱ ተጨማደደ።

«ውይ! ልጁን አሳመሙት!» አለች ይታይሽ።

ሐኪሙ ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ሲነገረው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ያለው ይህ ነው። ደጋው ምድር ከባሕር የራቀ ስለሆነ ሰውነት የሚፈልገው አንድ ነገር በእህሉም በውሃውም ይጎድላል። መድኃኒቱ ያንን ይተካል። በየቀኑ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጠብታ በውሃ፤ ከዚያ እንዳይበልጥ። ልቧ ከደለቀ ወይም እጇ ከተንቀጠቀጠ አቁማ ትምጣ። ጎመን በደንብ ይቀቀል፤ በየቀኑም አይሁን። የአንጓች ገና ለጋ ስለሆነ ሊመለስ ይችላል። የይታይሽ የቆየ ነው፤ መጨመሩን ቢያቆም እንጂ እምብዛም አይቀንስም ይሆናል። ትንፋሿ ከዚህ ከባሰ ግን የሚቆርጥ ሐኪም ወዳለበት ትልቅ ከተማ መሄድ አለባት። ከፋሲካ በፊት ተመልሰን እንድንታይ አዘዘ።

ከጠላት እጅ ምንም አልቀበልም ያልሁ ሰው ጠርሙሱን በጉያዬ ሸሽጌ ወጣሁ። የአህያዬ ካሣ ነው።

ዓርብ፣ ጥር ፲፯

በመጀመሪያው ቀን ክርክር ተነሣ። ዓርብ ነው፤ ይታይሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፌ ምንም አይገባም አለች። አንጓች «መድኃኒት እኮ ነው» አለቻት። «ውሃ አለበት» አለች።

እኔ ፈረድሁ። ሐኪሙ በየቀኑ አለ እንጂ በየጠዋቱ አላለም። በጾም ቀን ጾሙ ሲፈታ፣ በሌላው ቀን ጠዋት። ሁለቱም ተስማሙ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ስምምነት ካየሁ ቆይቻለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ እኔ ቀመስሁት። ብረት ብረት ይላል። ጥቂት ቆይቼ አለመሞቴን ካረጋገጥሁ በኋላ ሰጠኋቸው።

«እኔ ያረጀሁት ሁለት ጠብታ ይገባኛል» አለች ይታይሽ።

«አንድ።»

«ስስታም!»

ጠርሙሱን በራስጌዬ አስቀምጬዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፰

ዛሬ ገመዱን ለመድሁት፤ ውሃው ሳይፈስ ቤት ደረሰ።

ምንጩ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? አያ ዳምጤን፤ እንስራ አዝሎ። ሚስቱን ወገቧን አሟታል።

«ዝም በል» አለኝ።

«ምን አልሁ?»

«ጢሜን አትየው!»

አንድ ላይ ተመለስን። ሴቶቹ ከኋላችን ሲስቁ እስከ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር።

እሑድ፣ ጥር ፲፱

ንስሐ አባቴ ስለ ቃሌ ስግደት አዘዙኝ። «ሚስቴ ናት ያሰበረችኝ» ብላቸው፣ «እንግዲያው ለሷም ስገድላት» አሉኝ። የቀልድ ይሁን የምር አላወቅሁም።

ይታይሽን እንደ ሁልጊዜው ፀሐይ ፊት አስቀመጥኋት። ጣቴ ገባች። ቀጥዬ ፀጉሯን ገለጥ አድርጌ ማጅራቷን ዐየሁ፤ አዲስ ቋጠሮ የለም። በንቅሳቷ መስመሮች መካከል አውራ ጣቴን አስተኛሁ፤ ያው ነው፤ አልሰፋም፤ አልጠበበምም። ገና ሦስት ጠብታ ብቻ ነው የጠጣችው፤ ምን ልጠብቅ?

ያም ሆኖ ቤት ገባሁና በርኖሴን ከተሰቀለበት አውርጄ ጠርዙን አዙሬ አዙሬ ዐየሁት።

«አይጦቹ እንዴት አደሩ?» አለች ከውጭ።

«ጾመዋል» አልኋት።

ሳቀች። ጆሮዬን አቅንቼ ሳሉን ጠበቅሁ። አልመጣም። ወይም መጥቶ እንዳልሰማባት ዋጠችው። ነገም አስቃትና አዳምጣለሁ።