ከቤት አይታይም

ሰኞ፣ ጥቅምት 2። ከሥራ መልስ።

ሁለት የጭነት መኪና ሸራ ሰፍተን ጨረስን። አውራ ጣቴ በመርፌ ተወግቷል። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ምርት ጨምሩ ይላል፣ ክር ግን የለም። ትራፊው ሸራ ለኔ ተፈቅዷል። ከሱ የሰፋኋት ድንኳን አሁን ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ጉልበት ከታጠፈ።

ቅዳሜ ወደ ወጨጫ። ቁ. 12ን ፍለጋ።

አንተ ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ፣ ሌላ ደብተር እንዳለኝ። ቀናተኛ አትሁን። በሱ ላይ የምጽፈው ስለ ራሴ አይደለም፣ በነጻ የሚታደርበትን ቦታ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ቦታ። ቤርጎ የማያስከፍል፣ ዘመድ የማያስቸግር። ባለቤቴ እቴነሽ ኮልፌን የሚያህል ሰፈር፣ ጣሪያና አልጋ እያለው ሜዳ ላይ የሚያድር ጤነኛ ሰው አላየሁም ትላለች። አንድ ጊዜ ገፈርሳ ይዣት ሄጄ ነበር። ጉንዳን ወረራት። አልከራከራትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 4።

ቀበሌ ጽ/ቤት። የጉዞ ፈቃድ ለማውጣት። ቅጹ ላይ አንድ መስመር አለ፦ የሚያድሩበት ቤት ባለቤት ስም። ሁልጊዜ የእቴነሽን አጎት ስም እጽፍ ነበር፣ ሰበታ ነዋሪ ብዬ። ሰውየው ሰኔ ላይ አረፉ። በሞተ ሰው ቤት አድራለሁ ብሎ መጻፍ ከበደኝ። “ሜዳ” ብዬ ጻፍኩ። እውነት መናገር ያማረኝ ቀን።

ጓድ ደምሴ አስጠራኝ። የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ነው። ቤት ያለው ሰው ሜዳ የሚያድረው ምን ሊሠራ ነው አለኝ። ለመዝናናት አልኩ። ጸሐፊዋ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እኔ ሞኙ ንጹሕነቴን ላስረዳ ብዬ ቤት ተመልሼ ያንን ደብተር አመጣሁለት። በገዛ እጄ።

ጮክ ብሎ አነበበው። ቁ. 4፦ ከገፈርሳ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ። ውኃ አለ። ማገዶ አለ። ከቤት አይታይም። ቁ. 7፦ ወጨጫ ወገብ ላይ፣ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ። ለአራት ሰው ይበቃል። ከመንገድም ከቤትም አይታይም። በሱ ድምፅ ሲነበብ እኔም ራሴን ጠረጠርኩ።

ደብተሩ እዚያ ቀረ። እኔ ለጊዜው ወደ ቤትህ ተባልኩ። “ለጊዜው” የምትለዋ ቃል አብራኝ መጣች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5።

ፈርቻለሁ። ሌላ ቃል ብፈልግም አላገኘሁለትም። ዛሬ አንድ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ ሰፋሁ፣ ፈታሁት።

ደምሴን እቴነሽ በስሙ አትጠራውም። “ያ ሰውዬ” ነው የምትለው። ባለፈው ዙር የጎረቤታችንን የወ/ሮ ዘውዴን ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና የወሰደው እሱ ነው፣ ከኛ በር ላይ፣ ከቧንቧ ውኃ ቀድቶ ሲመለስ። ጀሪካኑን ለእናቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ውኃው ሙሉ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 6። ምሳ ሰዓት።

ተወስኗል። ነገ አብረን እንሄዳለን፣ እኔና ጓ. ደምሴ። ቁ. 7ን አሳየኝ ብሏል። ድንኳን እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ጠብመንጃ። እቴነሽ በሶውን ለሁለት ሰው ጨበጠች፣ የሱን ጨው ነሳችው።

እሑድ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት።

በሰላም ገብቻለሁ። በተራ ልጻፈው።

ከአየር ጤና በጭነት መኪና እስከ ሰበታ መንገድ፣ ከዚያ በእግር ሽቅብ። ገብሱ ቢጫ ሆኗል። የደምሴ ጉልበት ታማሚ ነው፣ አላወቅሁም ነበር። ቁ. 7 ለመድረስ አንድ ሰዓት ሲቀረን ቁጭ አለ። እዚህ ይበቃል አለ። እዚህ አይሆንም፣ ያ ከፊታችን ያለው ቤት ያየናል አልኩት። ቢያየን ምን እንዳይሆን ነው ብሎ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ካስማ መትከል ጀመርኩ።

ሸራውን ሳንወጥር ከዚያ ቤት አንድ ሽማግሌ መጡ። ኦቦ ጉዲሳ ይባላሉ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ጠብመንጃው በደንብ ይታያል። ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

“ምን በደልኳችሁ?” አሉ። “ቤቴ እዚያ ቆሞ፣ ደጄ ላይ እንደ ከብት ልታድሩ?”

ደምሴ መታወቂያውን ሊያወጣ ኪሱ ገባ። እሳቸው አልጠበቁትም። ጎንበስ ብለው ካስማዬን ነቀሉ፣ አራቱንም፣ ድንኳኔን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ተከተልናቸው። ሌላ ምን ይደረጋል።

እግራችንን አጠቡን። የገብስ ቂጣ፣ እርጎ። ከየት መጣችሁ አላሉም፣ ለምን መጣችሁም አላሉም። ይህ ደምሴን እረፍት ነሣው። ዕድሜውን በመጠየቅ የኖረ ሰው ስለሆነ የማይጠየቅበት ቤት ግራ ገባው። የተሻለውን መደብ ለሱ አነጠፉለት። የማን መደብ ነው አለ። የበኩር ልጃቸው ነው። ባለፈው ዙር ዘመተ፣ እስካሁን ደብዳቤ የለም። ገብሱ ደርሷል፣ የሚያጭድ ጉልበት የለም።

“ባዶ መደብ ደስ አይልም” አሉ ኦቦ ጉዲሳ። “እንግዳ ሲተኛበት ይሻላል።”

ደምሴ ከመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መቼ እንደተኛ አላውቅም። እኔ እንቅልፍ አይከዳኝም፣ ደህና ተኛሁ።

ጠዋት ቁልቁል ስንወርድ ደምሴ፦ “ለዚህ ነው እንዴ ‘ከቤት አይታይም’ እያልክ የጻፍከው?”

ለዚህ ነው አልኩት። ከታየሁ መደባቸውን ይለቁልኛል። ልጆቻቸው መሬት ይተኛሉ። አንዲት ዶሮ ካለች እሷም አለቀላት። እኔ በነጻ ላድር ብዬ ሰው ላስወጣ? አንድ ኮረብታ ወረድን። ከዚያ በሶው ለምን ጨው የለውም አለኝ። መርሳት ነው አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10።

ደብተሩ ተመለሰ። በየገጹ የቀበሌ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ምናልባት ተመርምሮ አለፈ ለማለት። ገፈርሳ ላይ ማኅተም። ጉንዳኑ ላይ ማኅተም። እቴነሽ ጎኗን ይዛ ሳቀች። አሁን መንግሥት የሚያውቀው ሜዳ አለህ አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 26።

አዲስ ዙር። ስብሰባ ተጠራን፣ አጨበጨብን። ስም ዝርዝር እየወጣ ነው ይባላል። ኮልፌ ገበያ ዛሬ ጎረምሳ አይታይበትም፣ ሸክሙን ሴቶችና ሽማግሌዎች ያነሣሉ። ለማኅበራችን ክር መጣ፣ ብዙ ክር። የምንሰፋው ሸራ ለጦሩ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 29። 9 ሰዓት።

ደምሴ ቤቴ መጣ። ጠብመንጃ የለም። ጓድ አላለኝም። አቶ ታፈሰ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ። ክፉ ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ።

ሰለሞን ይባላል፣ የሴት ልጁ ባል። ግንበኛ ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ወጥቷል። ዝርዝሩን የያዘው ራሱ ደምሴ ነው። ልጅቷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሰለሞን ሐሙስ መቅረብ አለበት። ያቺን ከመንገድም ከቤትም የማትታየዋን ቦታ ያሳዩልኝ አለ። ወለሉን እያየ ነው የሚናገረው።

እቴነሽ ከጓዳ ወጣች። ድምፅዋን አላነሣችም።

“የወይዘሮ ዘውዴ ልጅ ሲወሰድም ይሄ ደብተር እዚሁ ቤት ነበር።”

“አውቃለሁ፣ እትዬ” አለ። “የሚሉኝን ሁሉ ቢሉኝ ይገባኛል።”

ላስብበት ብዬ ሸኘሁት።

አንተን መዋሸት አልችልም። ሲለምነኝ ደስ አለኝ። እስከ በሩ እስክሸኘው ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ስመለስ ደስ ማለቴ አስጠላኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 30።

ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ቁ. 7ን አሰብኩ። አይሆንም። ለሁለት ቀን ጥሩ ነው፣ ለሁለት ወር ወጥመድ ነው። ጭስ ይታያል። ከብት ይመጣል፣ ከከብቱ ኋላ ሰው። ገበሬ ማኅበሩ ጫካ ውስጥ ያገኘውን ሰው ያስራል። ጫካ የገባ ሰው ይፈለጋል፣ ሰው ቤት የገባ ግን እንግዳ ነው። አሥራ አንድ ቦታ ስመዘግብ ኖሬ ይህን ያወቅሁት አሁን ነው።

እምቢ ብዬ መቅረትም አለ። ማንም አይወቅሰኝም፣ ወ/ሮ ዘውዴ እንዲያውም ትመርቀኝ ይሆናል። ወይም አትመርቀኝም። ልጇን አይመልስላትም።

ማታ ስገባ እቴነሽ ገብስ ትቆላለች። በሶ። ለሱ ነው ወይ አልኳት።

“ለሱ አይደለም። በሆድ ላለው ነው” አለች። ጨው ጨመረችበት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1።

ጽ/ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ እስክትወጣ ጠበቅሁ። ቁ. 7 አይሆንም አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ቶሎ ብዬ ቀጠልኩ፦ ኦቦ ጉዲሳ አጫጅ የላቸውም።

መስኮቱን አየ፣ ማኅተሙን አየ።

“በዚያ መደብ ላይ?” አለ።

በዚያ መደብ ላይ አልኩ።

ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን መፈክር አነበብኩ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ቅጽ አወጣና በራሱ እጅ ሞላው። ታፈሰ እና አንድ ረዳት፣ ሸራ ለማድረስ። የሚያድሩበት ቤት ባለቤት ስም የሚለው ጋ ሲደርስ እስክርቢቶው ቆመ። የሽማግሌውን ስም ሊጽፍ ነው ብዬ ደነገጥኩ። “ሜዳ” ብሎ ጻፈ። ማኅተም መታበት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 2። ማምሻ።

ነገ በጠዋት። ሰለሞን መሮውንና መዶሻውን ትቶ ማጭድ ይዟል። ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ሰፊ። ለሚስቱ ደጋግሞ ስለ ውኃ ይነግራታል፣ አትሸከሚ፣ ሰው ያምጣልሽ።

አንድ ነገር ወስኛለሁ። ኦቦ ጉዲሳ እንግዳን አይጠይቁም፣ እኔ ግን ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። ማን እንደሆነ፣ ከምን እንደሸሸ፣ አማቹም ማን እንደሆነ። ያንን መደብ በውሸት አልወስድም። እምቢ ካሉ ይዤው እመለሳለሁ። ለሰለሞንም ነግሬዋለሁ። ማወቅ ይገባቸዋል አለ።

እምቢ ይላሉ ብዬ አላስብም። ግን ልጃቸው እዚያ ሆኖ የሌላው ሰው ልጅ እዚህ እንዲተርፍ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከቋጥኙ ጀርባ መሄድ ይቀለኝ ነበር።

አንተን እቴነሽ የዱቄት በርሜል ውስጥ ትከትሃለች። ስም በዝቶብሃል። ያኛው ደብተር አብሮኝ ይሄዳል፣ ማኅተም አለው፣ ቢያዝ ማንም ያንብበው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቦታ ነበር፣ አሁን ሞላሁት፦

ቁ. 12፦ ወጨጫ ሥር። ውኃ አለ። ማገዶ አለ። ከቤት ይታያል።