የአባባ መስሚያና የፔትሮስያን ግንብ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለወንዳወቅ ዳምጠው፣
ጁባ

ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም መኪና ሥር ተንጋለህ ነው የምትውለው? ባለቤትህ ሊያስ ደኅና ናት? ልጅህ ህሊናዬ አማርኛ ለመደች ወይስ አክስቷን በአስተርጓሚ ልታነጋግረኝ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነው ናፍቆትህ ብቻ ነው።

አሁን ቁጭ በል፤ ቆመህ የምታነበው ወሬ አይደለም። የላክኸው መስሚያ ከቁም ሳጥን ወጣ! አባባ ጆሮ ውስጥ ገባ! በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን መሃል ላይ መስመሩ ተቋርጦ ግማሹ እንዳይቀርብህ ፈራሁ። ባለ ሻይ ቤቷ ሀፍሳ ወንድሟ ወደ እናንተ ዘንድ እንደሚመጣ ስትነግረኝ ጊዜ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልነገርንህም፤ እንዳታዝን ብለን ነው። አባባ ጆሯቸው መድከም እንደጀመረ አንድ ቀን ሀፍሳ ቤት በረንዳ ላይ ቼዝ ይጫወቱ ነበር። ተጋጣሚያቸው «ቼክ! ንጉሥዎን ይጠብቁ» ይላቸዋል፤ እሳቸው አልሰሙም። ንጉሣቸውን ትተው በወዲያ በኩል አንዲት ወታደር ገፉ። ከበው የሚያዩት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ግን አባባ የሰውን አፍ ያያሉ እንጂ ድምፁን አይሰሙም። ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ሀፍሳን በእጃቸው ተሰናብተው ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ፊት አልተጫወቱም። እቤት ቁጭ ብለው ነጩንም ጥቁሩንም ራሳቸው እያንቀሳቀሱ ይውላሉ። አንተ ስትደውልም ስልኩን ለእኔ ወይም ለእማዬ አቀብለው ወደ ጓሮ መውጣታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። መስሚያውን ስትልክላቸውማ «ጆሮዬ ላይ ሽቦ ሰክቼ መርሳ ከተማን ልዙር? ሬዲዮ አደረጋችሁኝ እንዴ?» ብለው ከነማሸጊያው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። አንተም ባለፈው «ዕቃውን ሳይሆን እኔን ነው ያልፈለጉት» ያልከኝን ቃል አልረሳሁትም።

እንግዲህ ከቁም ሳጥን ማን እንዳወጣው ብትጠይቀኝ ፔትሮስያን ነው እልሃለሁ። አትሳቅ! የቼዝ ተጫዋቹን ትግራን ፔትሮስያንን የማያውቅ የእኛ ቤት ልጅ የት አለ? አባባ በወጣትነታቸው ለመስኖ ትምህርት ሩሲያ ሄደው ያመጧት ያቺ የቼዝ መጽሐፍ አሁንም አለች። ፊተኞቹ ገጾች እማዬ በርበሬ ጠቅልላባቸው ሄደዋል፤ የቀሩት ጨዋታዎቹ ናቸው። አባባ ሩሲያኛውን ከረሱት ቆይተዋል፤ እርምጃዎቹን ግን እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል። ያን ስዊዘርላንድ ውስጥ የተደረገውን ጨዋታ ስንቴ አሳይተውናል? ባላንጣው መሃል ሜዳ ላይ ሁለት ወታደር አሰልፎ ሊያጥለቀልቀው ሲል፣ ፔትሮስያን ማንም ሳያስገድደው ከጳጳስ የሚበልጠውን ግንቡን ወስዶ የባላንጣው ጳጳስ ሊበላው ከሚችልበት ቦታ ያስቀምጠዋል። አንተ «አበደ እንዴ?» ስትል አባባ ምን ይሉህ እንደነበር ትዝ ይለኛል፦ «አላበደም፤ ቦይ እየዘጋ ነው። ግራና መስኖ ላይ ውኃው ማሳው ከገባ በኋላ ነው እንዴ የምገድበው?» ግንቡ ሲበላ ፈረሱ መንገድ ያገኛል፤ ከወታደሮቹ ፊት ገብቶ ይቆማል፤ ያ ሁሉ ጎርፍ ባለበት ይቀራል። ጨዋታው አቻ አለቀ። አባባ ግን ከማንኛውም ድል አብልጠው ይወዱታል። እኔም አሁን ካደግሁ በኋላ ሳየው ያምረኛል፤ ሰውየው ለማሸነፍ ሳይሆን ላለመሸነፍ እንዲህ የሚያምር ነገር መሥራቱ ይገርመኛል።

ወልድያ ከቢሮዬ ፊት ለፊት ሻይ የምንጠጣበት ቦታ ሲራክ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ። ቼዝ ካገኘ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው። አንድ ቀን ስለ አባባና ስለ ፔትሮስያን ስነግረው «ታዲያ ፔትሮስያንም እኮ ጆሮው ከባድ ነበር» አለኝ። በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ፣ መንገድ እየጠረገ ያደገ፣ ጆሮው የደከመ ልጅ ነው አሉ፤ ያ ልጅ ነው እንግዲህ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ስድስት ዓመት የቆየው። ዛሬ አርመኖች ምስሉን በገንዘብ ኖታቸው ላይ አትመውታል። ከሁሉ የጣመኝ ግን ይህ ነው፦ ስፔን ውስጥ አንድ ግጥሚያ ላይ ከውጭ ጫጫታ ሲበዛ፣ ፔትሮስያን መስሚያውን አጥፍቶ በሰላም ተጫወተ። ተጋጣሚው ግን ጫጫታው አንገፍግፎት ውድድሩን ጥሎ ሄደ።

የባለፈው ሳምንት ቅዳሜ መርሳ እንደገባሁ ይህንኑ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለአባባ ሰጠኋቸው። አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ደግመው አነበቡት። «ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስቀመጥ አልነገረኝም!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ማጥፋት ይቻላል?» ብለው ጠየቁኝ። በጭንቅላቴ አዎን አልኳቸው። ተነሥተው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ።

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ መስሚያውን የወደዱት ስላሰማቸው ሳይሆን ስለሚጠፋ ነው! ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱ ሰነበቱ። እማዬ ስለ ጣሪያው ስትጨቀጭቃቸው እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጆሯቸው ይሄዳል፤ ከዚያ ፈገግ ብለው ያዳምጧታል። እማዬ እንዲህ በትዕግሥት የሚሰማት ባል በስተርጅና በማግኘቷ ደስ ብሏት ነበር። ምስጢሩን የነገርኳት ዕለት በማማሰያ ልትመታኝ ነበር።

ትናንት ሲራክን ከወልድያ ይዤው መጣሁ፤ ሀፍሳ በረንዳ ላይ ከአባባ ጋር ተገጣጠሙ። ወሬው ቀድሞን ስለነበር ከውርጌሳ ከተማ ድረስ የመጣ ሰው ነበር። መርሳን ታውቃታለህ፤ ሁለት ሰው ለቼዝ ከተቀመጠ የቆመው ሁሉ ይጫወታል። የአባባ ጓደኛ ጋሽ ሀይሉ ገና ከመጀመሩ «ፈረሱን አውጣ! ኧረ ፈረሱን!» እያሉ ከጀርባ ይጮኻሉ። አባባ ትንሽ ታገሡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱ፣ ጠቅ አደረጉ፤ ፊታቸው ላይ እንዴት ያለ ሰላም እንደወረደ ብታይ!

መሃል ላይ ሲደርሱ ያን ነገር አደረጉት። ግንባቸውን አንሥተው ከሲራክ ጳጳስ አፍ ላይ አኖሩት። በረንዳው ተናወጠ። ጋሽ ሀይሉ ራሳቸውን ይዘው «አለቀልን! ልጄ፣ ጓደኛዬን ወደ ቤት ውሰጂልኝ» አሉኝ። እኔም እንደዚያን ቀን ተሸንፈው፣ ተስቆባቸው ቢነሡ ዳግመኛ ከቤት እንደማይወጡ አውቃለሁ። ሲራክ ግንቡን በላ፤ የአባባ ፈረስ መሃል ገብቶ ቆመ፤ የሲራክ ወታደሮች መላወሻ አጡ። ቢጨንቀው «ጋሽ ዳምጠው፣ አቻ እንለያይ?» አለ። አባባ ሰሌዳውን እያዩ ዝም። ጮክ ብሎ ደገመው። ዝም። ሲራክ ኋላ እንደነገረኝ «እኚህ ሰው እኔ ያላየሁትን ነገር አይተዋል» ብሎ ላብ አጠመቀው። በግድ ሰብሬ ልውጣ ሲል የንጉሡን በር ራሱ ከፈተው። ብዙም ሳይቆይ ንግሥቱን አጣና እጁን ለሰላምታ ዘረጋ።

አባባ የተዘረጋውን እጅ በግርምት አዩት። መስሚያቸውን አበሩ። «አቻ ብዬ ስለምንዎት እንቢ አሉኝ እኮ» አለ ሲራክ። «መቼ አልከኝ? በሞቴ፣ ብሰማህ ሁለት እጄን ዘርግቼ እቀበልህ ነበር! እንዴት እንደምወጣ ጨንቆኝ ነው ሰሌዳው ላይ ያፈጠጥኩት!» አሉት።

ያን ጊዜ የተሳቀውን ሳቅ ጁባ ድረስ ካልሰማኸው አንተም መስሚያ ያስፈልግሃል። ቀድመው የሳቁት ደግሞ አባባ ነበሩ። እየሳቁ ዞር ዞር ብለው የሰዉን ሳቅ ይሰሙ ነበር፤ እኔ አለቀስኩ። ሀፍሳም ሻይ እየቀዳችላቸው «ወላሂ ጋሽ ዳምጠው፣ ይችን ወንበር ለማንም አልሰጠኋትም» አለቻቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ አላጠፉትም። ከማንጎው ሥር የሚወርደውን የቦይ ውኃ ቆመው አዳመጡ። እማዬ ደጅ ወጥታ ስትቀበለን «ደብሪቱ፣ ድምፅሽ እንዲህ ቀጭን ነበር እንዴ?» አሏት። «ለእርስዎ ስጮህ ወፍሮ ከርሞ ነው፤ አሁን አርፎ ይሆናል» አለቻቸው። እራት ላይ ግን ወደ እኔ ዞረው «ወንዳወቅ አሁንም ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል?» አሉኝ። «እሱን ራሱን ይጠይቁት» አልኳቸው።

እማዬ አንተን፣ ሊያንና ህሊናን አገላብጣ ትስማችኋለች፤ ለህሊና የሚሆን ሻሽ እያስጠለፈች ነው። ጋሽ ሀይሉ ሰላም ብለውሃል፤ ግንቡን ስጥ ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ እያሉ አገሩን አዳርሰዋል። ሀፍሳም ሰላም ትልሃለች። ሲራክ ሳያውቅህ ሰላም በይልኝ ብሎኛል፤ የሚቀጥለውን ጨዋታ መስሚያው በርቶ ካልሆነ አልጫወትም ብሏል።

አባባ ለብቻው የላኩልህ ሰላምታ የለም፤ በቃሌ እነግረዋለሁ ብለዋል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ደውል። ስልኩን የሚያነሡት እሳቸው ናቸው፤ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው እንዳይሰዱ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። አንተም ሰላምታውን አታስቀድም። መጀመሪያ ጉሮሮህን ጥረግ።

እህትህ መቅደላ ዳምጠው
መርሳ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.