ለውዝ የማይገባባት ወፍጮ

ውድ የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ቦታ ከቢቸና እንደሚሻል የንስሐ አባታችን ነግረውኛል። ከቢቸና የሚሻል ቦታ አለ ማለታቸው ትንሽ ቅር ቢለኝም፣ ከሳቸው ጋር ከምከራከር ስመጣ አንቺኑ ብጠይቅ ይቀለኛል።

ይህን ማን ጻፈልህ እንዳትዪኝ። ማንም አልጻፈልኝም። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ማታ ማታ ከገበያው በላይ ባለው ትምህርት ቤት ፊደል ስቆጥር ከርሜ አንደኛ ወጥቻለሁ። ደረጃ አይሰጥም ይላሉ፤ ይሁን፣ ቢሰጥ ኖሮ ማለቴ ነው። መምህሯ የልጅ ልጃችን የምትሆን ቀጭን ልጅ ናት። "አባቴ፣ እስክሪብቶውን እንደ መጥረቢያ አይጨብጡት" ብትለኝ፣ "ልጄ፣ በዚህ እጅ ኩንታል ነው ሲነሣ የኖረው፤ ወረቀቷ ታግሣ ትቻለኝ" አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአገሩ ባለቅኔ ሁሉ እህሉን በኔ ወፍጮ እያስፈጨ ሲቀኝ፣ ባለወፍጮው "ሀ"ን ከ"ለ" አይለይም ነበር። አሁንማ ከመናኸሪያው እስከ ጊዮርጊስ ያለውን የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የማልፈው። ሁለት ቦታ ስሕተት አግኝቼ ለባለቤቶቹ ነግሬያለሁ። አንዱ አመሰገነኝ። ሌላውን ተዪው።

ቤቱ ደህና ነው። ጌሾሽ ከአጥሩ በላይ ሆኗል። ቀይዋ ላም ወንድ ወልዳለች፤ ግንባሩ እንደኔ ሰፊ ነው። ዘንድሮ ክረምቱ በርትቷል፤ ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው።

ወደ ፊደል የነዳኝ ግን ኩራት አይደለም። የነዳችኝ ቃልኪዳን ናት፣ የልጃችን የአበባ ልጅ፣ ያቺ "የኔ ቃል" እያልሽ ታዝያት የነበረች። ስድስት ዓመቷን ያዘች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። የምጽፍልሽም ስለሷ ነው። ሳታውቂው የሄድሽው ነገር አለ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላት እነአበባን ልንጠይቅ ሞጣ የወረድን ጊዜ ትዝ ይልሻል? አውቶቡሱ ውስጥ ያን የምጥን ዱቄት ከጭንሽ አላወርድም ብለሽ ነበር። ገብሱ፣ አጃው፣ ሽንብራው፣ ለውዙ፣ ሁሉም በጣትሽ ተለቅሞ፣ በእጅሽ ተቆልቶ፣ በኔ ወፍጮ ልሞ የተፈጨ ነው። "ይህን የበላ ልጅ ግንብ ይገፋል" እያልኩ ለሾፌሩ ሳይቀር አወራሁ። ገንፎውን ሠርተሽ ራስሽ አጎረስሻት። ሦስተኛውን ጉርሻ ሳትውጥ ከንፈሯ አበጠ፣ ዓይኗ ተከደነ፣ ገላዋ ሳማ እንደነካው ሽፍ አለ። "ምች ነው! ከእሳት ዳር አውጥተን ንፋስ አስመታናት" ብለሽ ዳማከሴ ጨምቀሽ ቀባሻት። አስመለሳት፣ ተኛች፣ በማግስቱ ስትቦርቅ ዋለች። እኛም ዳማከሴውን አመሰገንን።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቂያለሽ። ምጥን እንልካለን፣ ልጅቷን ምች ይመታታል። ምች ሲመታት "ሰውነቷ ደከመ" እንልና ምጥን እንጨምራለን። አቅሟን እንዲመልስላት ብለሽ ለውዙን እፍኝ ታበዢላት ነበር።

የሺዬ፣ ምች አልነበረም። ለውዙ ነበር።

አንቺ በሄድሽ በአምስተኛው ወር አበባ ባሕር ዳር ወስዳት ሐኪሙ ክንዷን በመርፌ ጫፍ ጫር ጫር እያደረገ ሲመረምር ቆየ። ነገሩ አለርጂ ይባላል። ለኔና ላንቺ ምግብ የሆነውን ለውዝ የሷ ገላ እንደ ጠላት ያየዋል፤ ሲያገኘው ይዋጋዋል፣ በውጊያው የምትጎዳው ግን ራሷ ናት። የሰው ዓይን አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም ብሎ ነግሯታል። አበባ በስልክ ስትነግረኝ ምን ብል ጥሩ ነው? ሳቅሁ። "ለውዝ ሰው ገደለ ሲባል የሰማ ማን አለ? እኔ በጆንያ በልቼ ይኸው አለሁ" አልኳት። ልጅሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ደግ አደረገች።

ለሙት ዓመትሽ መጡ። የሰኔ ጾም ስለሆነ ድንኳኑ ውስጥ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነበር የቀረበው። አበባ አስቀድማ ለውዝ ከግቢው ይውጣ ብላ ስላዘዘች ከኮት ኪሴ ያለውን ሳይቀር አራግፌ ጥያለሁ። ሽሮው በዋዜማው እኔው ራሴ የፈጨሁት ነው። ቃልዬ ከጎኔ ተቀመጠች። "በሞቴ፣ ከአባባ እጅ አንድ ጊዜ" ብዬ በሽሮ ያራስኩትን አጎረስኳት። በእንግዳው ሁሉ ፊት "ከስማቸው እጅ ጎርሶ የተጎዳ የለም" አልኩ።

አፌን ሳልዘጋ አሳላት። ከንፈሯ ያንለት ሞጣ እንዳየነው ሆነ፤ የአሁኑ ግን ትንፋሿንም ያዘው፣ እንደ ፉጨት ቀጠነ። ታቅፌያት ሮጥኩ። አበባ ባጃጅ አስቆመች። መንገዱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ለኔ ግን ከሞጣ ይርቅ ነበር። እጄን ጨብጠሽ "ያቺን ልጅ አደራ" ብለሽኝ ነበር የሄድሽው፤ እኔ ደግሞ በሙት ዓመትሽ ቀን ልልክልሽ ነው አልኩ በሆዴ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ አንዲት ነርስ ወዲያው የቃልዬ ጭን ላይ መርፌ ወጋቻት። ቆሜ አየሁ። ያ ፉጨት ቀስ እያለ ወፈረ፣ ጉንጯ ላይ ደም ተመለሰ። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የተናገረችው "አባባ፣ ጫማዬስ?" ነው። አንዱ ጫማዋ ስሮጥ ወድቆ ነበር። ጥጃ ሲወለድ አይቻለሁ፣ የአበባን የመጀመሪያ ልቅሶ ከደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አላየሁም። ነፍስ በሩ ድረስ ሄዳ ስትመለስ ነው ያየሁት።

ከዚያ ነርሷ ምን እንደበላች ጠየቀችኝ። ሽሮ አልኳት። የት ተፈጨ? በኔ ወፍጮ። "ከእርስዎ ሽሮ በፊት ምን ተፈጭቶ ነበር?"

የሻይ ቤቷ ሴትዮ ለለውዝ ሻይ ሁለት ቁና ለውዝ አስፈጭታ ሄዳ ነበር። የፊተኛው ቅሪት ድንጋዩ ላይና ዱቄቱ የሚወርድበት ጨርቅ ላይ እንደሚቀር ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ሴቶቹ "አያ ስማቸው፣ ጤፌ ውስጥ ሽንብራ ገባብኝ" ሲሉኝ፣ "ጎረቤት አይደላችሁ? ብትዛመዱ ምን አለበት!" እያልኩ ስቀልድ ነው የኖርኩት። በዓይን የማይታይ ብናኝ፣ የሺዬ! ኩንታል ያልጣለኝን ሰው ያ ብናኝ ጣለኝ።

ቃልዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጄ አልበላ አለች። ተቀይማኝ አይደለም፤ ትከሻዬ ላይ ትወጣለች፣ ጺሜን ትጎትታለች። ከወፍጮ ቤት ስመጣ ግን "አባባ ዱቄት ነው" ብላ ከእናቷ ጀርባ ትገባለች። ልብስ ቀይሬ፣ ታጥቤ ነው የምታቅፈኝ። ምሳ ሲቀርብ ከሞጣ ይዛ የመጣችውን ሳህን ይዛ ወዲያ ትዞራለች። ሚስትን መቅበር ከባድ ነው፤ ከገዛ የልጅ ልጁ ፊት መርዝ ሆኖ መቆም ግን ስም የለውም።

በኋላ ሞጣ ሄድኩ። ከነአበባ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸውን ሐጂን ታስታውሻቸዋለሽ፤ የለውዝ ጆንያቸውን ከደጃፋቸው አንሥተው ወደ ጓዳ አግብተውታል፣ ቃልዬ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በዚያ ስለምታልፍ። ብስኩት ስትፈልግ መነጽራቸውን አድርገው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነቡላታል፣ "ይህኛው አለበት፣ ይህኛው የለበትም" እያሉ። እኔ አያቷ አጠገባቸው እንደ ግንድ ቆሜያለሁ። አንዱን ብስኩት ወደኔ ዘርግታ "አባባ፣ ይህስ?" አለችኝ። አላውቅም ማለት በዕድሜዬ የከበደኝ ያኔ ነው። እስክሪብቶ የጨበጥኩት ለዚህ ነው።

እሱ ብቻ አይደለም። በወፍጮ ቤቴ ጥግ ሥራ ፈታ የቆመችውን አሮጌዋን ትንሿን ወፍጮ ፈታኋት። ድንጋዩን አስለውጬ አስወቀርኩ፣ ብረቱን በፈላ ውኃ አጠብኩ፣ ጨርቁን አቃጥዬ አዲስ አሰፋሁ፣ ከዚያም ለብቻዋ በር ያለው ክፍል ሠራሁላት። ለውዝ በደጇ አያልፍም። እኔም ሌላ ልብስ ካልለበስኩ አልገባባትም። አገሬው ግን አገሬው ነው፤ በሳምንቱ ዱቄቷ ፈዋሽ ነው የሚል ወሬ ደብረ ወርቅ ደረሰ። አንዲት ባልቴት ለወገባቸው ሊያስፈጩ በቅሎ ጭነው መጡ። "እናቴ፣ ይቺ ወፍጮ እንጂ ጠበል አይደለችም" ብላቸው፣ "አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትሑት የሆንከው?" ብለው አሳፈሩኝ።

ወሬው ግን ለደግም ሆነ። ከግንደወይን በኩል አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች፤ የሷን ደግሞ ሰሊጥ ነው የሚያሳብጠው። የባሏ ዘመዶች "ለልጇ ምግብ የምትሰስት" ይሏታል። ሰሊጥም ከዚያች በር ተከለከለ። ያን ቀን ከሞጣ መጥታ የነበረችው አበባ ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ይዛ፣ ልጁ ሲያብጥ ምን ምልክት ማየት እንዳለባት፣ ሳትዘገይ ወዴት መሮጥ እንዳለባት አስረዳቻት። ሴትዮዋ አለቀሰች። የሚያምናት ሰው አግኝታ አታውቅም። አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አራት ቤተሰብ ወፍጮ ቤቴ ይሰበሰባል። ልጆቹ ሳይፈሩ አብረው ይበላሉ። እኔ ቀልድ አቀርባለሁ፤ በነጻ ነው።

ቃልዬን በግንቦት ሰርግ ላይ ብታያት! አንዲት አክስቷ ጉርሻ ጠቅልላ "በሞቴ፣ እኔን አፈር ስሆን" እያለች አፏ ላይ ደቀነችባት። እኛ ያንን ቃል ሰምተን እምቢ ያልንበት ቀን አለ? ልጅቷ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ በዚያች ጥርስ በሌላት አፏ "እትዬ፣ እርስዎም አይሙቱ፣ እኔም አልሙት" አለቻት። ከዚያ አክስቲቱ ጉርሻዋን ራሷ ጎረሰችና ግንባሯን ሳመቻት። ስድሳ ዓመት ስቀልድ ኖሬ እንደዚያ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ክረምቱን ከእናቷ ጋር እኔ ዘንድ ናት። ትናንት ወደ ትንሿ ወፍጮ ክፍል ራሷ መጣች። ደፍ ላይ ቆማ "አባባ፣ ከዚህ በፊት ምን ተፈጨ?" አለችኝ። የፈጨሁትን ሁሉ የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩላት። ገብስ። አጃ። ሽንብራ። እንደገና ገብስ። አንዳንዱ ቃል ላይ ቆም ስል ትጠብቀኛለች። ሦስት ገጽ ሳነብ ቆማ ሰማች፤ እንደዚያ አድርጎ የሰማኝ ሰው በሕይወቴ የለም። ስጨርስ "እሺ" አለች።

ገንፎውን አበባ ሠራችው። ቃልዬ ማንኪያውን ትታ ወደኔ ዞረችና አፏን ከፈተች። አጎረስኳት፣ ከዚያ ከንፈሯን እያየሁ ቁጭ አልኩ። አበባም ታያታለች። ዋጠች። ጠበቅን። "ምን ታዩኛላችሁ? ጨምርልኝ እንጂ" አለች።

የሺዬ፣ በሕይወት እስካለሁ አስብሻለሁ። በዚያች ወፍጮ የመጀመሪያውን እፍኝ ሳፈስ ስምሽን እጠራለሁ፤ ማንም "የሺ ናት ልጅቷን ያሳመመቻት" ቢል፣ በፍቅር የለቀመ እጅ መሆኑን ቆሜ እመሰክራለሁ። ለቃልዬ ግን አልደብቃትም። ስታድግ አስቀምጬ ሁሉንም እነግራታለሁ፦ ምጥኑን፣ ዳማከሴውን፣ እፍኝ ያበዛንላትን ለውዝ፣ የኔን ሳቅ። ነግሬያት ስጨርስ እንደገና አጎርሳታለሁ። አፏን የምትከፍትልኝ ይመስለኛል።

ያንቺው ስማቸው