ያላዘዝኩት ዕቃ፣ ያላልኩት ቃል

ኅዳር 12

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጠዋት ጓሮ ያለው የባልዲ ውሃ ላዩ በረዶ ሠርቶ ነበር። ለሮዳስ ገንፎ አገንፍቼ ወሰድኩላት። አጠገባችን የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፣ የሐዋሳ ልጅ። እዚህ ዘመድ የላት፣ ባሏ መስክ ነው፤ እኔ ካላረስኳት ማን ያርሳት? የደብረ ብርሃንን ብርድ ገና አልለመደችም፣ ሕፃኗን በአራት ልብስ ጠቅልላ ታቅፋለች...

ስመለስ ስልክ። ገብረአብ ነው፣ የአዲስ አበባ መስመር የሚኒባስ ሾፌሩ።

«እትዬ ፀደንያ፣ ካርቶን ተልኮልዎታል። መናኸሪያ ይምጡ።»

«ከማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ያለበት ስምዎና ስልክዎ ነው።»

ሄድኩ። ከፈትኩት። የድንች መላጫ! አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ወልደኪዳን ይሆናል ብዬ ደወልኩ። «እኔ? የድንች መላጫ? ለሚስቴም ገዝቼ አላውቅ!» አለ። ታዲያ ማን ነው?

ኅዳር 18

ደግሞ መጣ! ዛሬ ሻርፕ ነው፣ ቀይ፣ ጫፉ ዘርፍ ያለው። አደረግሁትና ወጣሁ። ሱቅ ሄድኩ፣ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፣ ጉዳይ የሌለኝም ቦታ ሄድኩ። ያየ ሁሉ «ከየት ነው?» ይላል። «ተላከልኝ» እላለሁ፣ አለቀ። ሰው ሲያስብልሽ እንዴት ደስ ይላል!

ባለቤቴ ፍሥሐ ግን ዝም አይልም። «በስተርጅና አድናቂ አገኘሽ?»

«ባገኝስ! ምን ጎድሎኝ?»

ሮዳስ አራስ ቤቷ ሆና ስትሰማ በሳቅ ልትሞት። ሕፃኗን ቀሰቀሰቻት።

ኅዳር 25

ሦስተኛ ካርቶን። የሻይ ማጥለያና የፀጉር ማበጠሪያ ባንድ ላይ... ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን አብሮ የሚልክ?

በዚህኛው ካርቶን ላይ ግን የላኪ ስልክ አለ። ብደውል አይነሳም። እናቴ የሰው ሰሃን ባዶውን መልሳ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ጾሙም ገብቷል። በሶዬን አሽጌ፣ በዚያው ካርቶን አድርጌ፣ «ማን እንደሆናችሁ ባላውቅም እግዜር ይስጥልኝ። ፀደንያ፣ ከደብረ ብርሃን» ብዬ ጽፌ፣ ካርቶኑን ለሚያስረክቡት ሰዎች እንዲሰጥልኝ በገብረአብ ላክሁት።

ፍሥሐ፦ «ለማታውቂው ሰው በሶ?»

«እሱስ ለማያውቃት ሴት ሻርፕ ልኮ የለ!»



ታኅሣሥ 2

ካልሲ መጣ። ጠዋት አጠለቅሁት፣ ከሰዓት አውራ ጣቴ ብቅ አለ። ይሁን... ስጦታ አይታማም።

ታኅሣሥ 9



ሮዳስ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ሕፃኗን በአንድ ክንድ ታቅፋለች፣ በሌላው እጇ የክፍል ማሞቂያ አንጠልጥላለች። ስፒናው ቀልጦ ጠቁሯል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

«ይኸው! ይኸው ያመሰገኑት!»

«እኔ? ምኑን?»

«ልጄ የተኛችበት ክፍል ጭስ በጭስ ሆነ! እንቅልፍ ወስዶኝ ቢሆንስ? እትዬ፣ እርስዎ ባይሉ ኖሮ አልገዛውም ነበር እኮ!»

ስልኳን ዘረጋችልኝ። የሆነ የኦንላይን ሱቅ ገጽ ነው። ፎቶዬ! የጥምቀቱ፣ ቴሌግራም ላይ ያለው። ከሥሩ፦ «ይህን ማሞቂያ ገዝቼ ቤቴ ሞቀ። በተለይ ለአራስ ቤት ይሆናል። ወ/ሮ ፀደንያ፣ ከደብረ ብርሃን።»

አላልኩም! ማሞቂያ በቤቴ ኖሮም አያውቅ!

ዝቅ ስል ደግሞ የባሰው መጣ። በሶዬ። ካርቶኑ፣ ወረቀቱ፣ የእጅ ጽሕፈቴ ሳይቀር። «ደንበኞቻችን እንዲህ ያመሰግኑናል!» ብለው ለጥፈውታል።

«ሮዳስዬ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እኔ አይደለሁም።»

አየችኝ። ቀና ብላ አንገቴን አየችው። ሻርፑ አንገቴ ላይ ነው...

«ለዚህ ነዋ ዕቃው የሚጎርፍልዎት» ብላ ወጣች።

ምን ልበል? ለሰፈሩ ሁሉ «ተላከልኝ» እያልኩ የዞርኩት እኔው ነኝ። በዚህ ሰፈር እኔን ሳይጠይቅ በርበሬ የሚገዛ የለም። «ፀደንያ ካለችው» ይባላል። አሁንስ?

ታኅሣሥ 10

ስሜን ከየት አገኙት እያልኩ ስብሰለሰል አደርኩና ትዝ አለኝ። የመስቀል ባዛር! ዕጣ አለው ብለው ስምና ስልክ ሲመዘግቡ ነበር። ተሰልፌ፣ ተጋፍቼ ተመዘገብኩ።

ወደ ላኪው ቁጥር በፍሥሐ ስልክ ደወልኩ። ዛሬ ተነሳ። ድምፀ መልካም ልጅ ናት።

«እናቴ፣ ማስታወቂያ ነው። ዕቃ ለሰው እንልካለን፣ በተቀባዩ ስም አስተያየት እንጽፋለን። ሁሉም ሱቅ ያደርገዋል። ዕቃውን በነፃ ወሰዱ፣ ምን ጎደለብዎት?»

«ስሜ ነዋ!»

«እሺ፣ እናጠፋዋለን።»

«ማጥፋት ብቻማ አይሆንም። ውሸት ነበር ብላችሁ ጻፉ! ያነበበው ሰው እኮ ሰክቶት ይተኛል!»

ዘጋችው። እኔው ራሴ ገጹ ላይ ጻፍኩ። ወዲያው አጠፉት፣ ብሎክም አደረጉኝ። የእኔ ፎቶ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይስቃል። ደግሞ አምሮብኛል፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ!

ታኅሣሥ 13

የሴቶች እድር ቀን ነበር። ፍሥሐ «ተዪው፣ ሰው ይረሳዋል» አለኝ። ረስተውኝ ልኑር እንዴ?

ሁሉንም በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። መላጫውን፣ ማጥለያውን፣ ማበጠሪያውን፣ ቀዳዳውን ካልሲ። ሻርፑንም ከአንገቴ ፈትቼ ጨመርኩት። ማሞቂያውን ሮዳስ በራችን ላይ ጥላው ሄዳ ነበር፣ እሱንም። ቆምኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

«ስሙኝ። ይህን ዕቃ አላዘዝኩም። ማን እንደላከው ሳላውቅ ለብሼ ተኩራርቻለሁ፣ እውነት ነው። ይህን ማሞቂያ ግን አይቼው አላውቅም፣ ጥሩ ነውም አላልኩም። ፎቶው የኔ ነው፣ ቃሉ የኔ አይደለም። ስፒናውን እዩት! አራስ ቤት ነው የቀለጠው።»

የእድሩ ዳኛ አበበች ስፒናውን አገላብጣ አየችና «ፎቶው ላይ ግን ሙሽራ መስለሻል» አለች። ሳቁ!

ሳቁ ሳያልቅ ሰላም፣ ዳቦ ቤት ያላት፣ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች። «የእናቴ! የአንኮበሯ እናቴ! ያንቺን አይቼ ነው የገዛሁላት!» እዚያው ደወለች።

«እማዬ! ማሞቂያውን ንቀይው! አሁን... አዎ፣ ከግድግዳው! ... ሞቋል? ስፒናው ይፋጃል?»

ሁላችንም ወደ ስልኩ ተጠጋን።

«ነቀለችው» አለች ሰላም፣ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ያኔ ነው በር አጠገብ ሮዳስን ያየኋት። መቼ እንደገባች አላየሁም። ስልኳን አንስታ ስትቀርጸኝ ነበር። ስልኩን ቦርሳዋ ከትታ ወጣች።

ታኅሣሥ 17

ሮዳስ የቀረጸችውን ቪዲዮ ለጥፋዋለች፣ ደብረ ሲናም ጫጫም ደርሷል። ገብረአብ ተሳፋሪው ሁሉ እያየው ነው አለኝ። የሱቁ ሰዎች የማሞቂያውን ማስታወቂያ አንስተውታል። የማላውቃት ሴት ከጫጫ ደውላ «ልሰካው ስል አየሁዎት» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ለቀሪው ዕቃ ማንም አልመጣ። ለእድሩ ሰጠሁት። መላጫው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነው።

ጥር 4

ሮዳስ መጣች። ሳትቀመጥ፣ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አጠፋሽ? ለልጅሽ ደንግጠሽ ነው።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ሻርፑን አድርጎ ይቀመጥ ነበር። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ሴት ፊት ቆመው...» የሕፃኗን ቆብ አስተካከለች። «ልጄን ክርስትና ያነሱልኛል?»

እኔ ቃል አጣሁ። እኔ!

ከጓዳ ፍሥሐ፦ «ፀደንያ ዝም አለች? ሐኪም ልጥራ?»

ጥር 27

መድኃኔዓለም። ብርዱ አለቀቀም፣ ፀሐዩ ግን ደማቅ ነበር።

ከውሃው ተቀብዬ ታቀፍኳት። እንዴት ትጮሃለች! ከዚያ ቄሱ ጠየቁ፣ ስለ ሕፃኗ መልስ የሚሰጠው የክርስትና እናት ናት። እሷ መናገር አትችል... በእሷ ፈንታ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ቃል አስቤ፣ ቀስ ብዬ። ሮዳስ ከኋላዬ ነጠላዬን ጨብጣ ነበር።

ስንወጣ ፍሥሐ «ድምፅሽ እስከ ቅጥር በሩ ይሰማ ነበር» አለኝ።

ይሰማ! ያልኩት ነዋ።