የባለ ክንፏ የጉድለት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለመዶሻ፣

መጀመሪያ ደህና ነን ልበል። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ «ቀድመህ ደህና ነን በል፣ አለዚያ ደብዳቤ ስታይ ልቧ ይደነግጣል» እያለችኝ ነው። ደህና ነን። እሷን ጉልበቷን ያማታል፤ እኔን፣ እሷ እንደምትለው፣ ከምላሴ በቀር የማያመኝ የለም። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብትዪ፣ በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት።

የግቢውን ወሬ ላስቀድም። ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉባት ፒክአፕ አሁንም አጥሩ ሥር ናት፤ ሊገዛት የመጣ ሁሉ የዛገ ወለሏን በእግሩ በስቶ ይሄዳል። ሞተር የሌላትን ረጅሟን የቤተሰብ መኪና ግን አንድ ዳቦ ጋጋሪ ወሰዳት። «በትንሽ ሥራ ትነሳለች» አለኝ። በትንሽ ሥራ የሚለውን አባባል ያመጣው ሰው ዝገት አይቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ሁለት ገጽ ሙሉ ጉድለቷን አነበብኩለት፤ እየሳቀ ጎትቶ ወሰዳት። ፍቅር ከያዘው ሰው ጋር ምን ክርክር አለ።

ወረቀቱን አልተውኩም። ለሽያጭ የቆመች መኪና ሁሉ እንደ ድሮው ጉድለቷ ተጽፎ ስፖኪዮዋ ላይ ይንጠለጠላል፤ በግራ በኩል ጉድለቱ፣ በቀኝ በኩል «ይጠገናል» ወይም «አይጠገንም»። ሰፈሩ የራሱን ዕቃ የሚያማ ነጋዴ ብሎ «ሐሜተኛው» ሲለኝ፣ ጸሐፊዬ አንቺ ነበርሽ፤ የእኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ስለሚመስል። በዘጠኝ ዓመትሽ መኪና ሥር ተጋድመሽ «አባዬ፣ ይኼስ ይጠገናል?» ትዪኝ ነበር። ያን ጊዜ ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለ ክንፏ ተመልሳለች።

ያቺው ከኋላዋ ሁለት ክንፍ የቆመላት ዶጅ። ከእህል መጋዘን ጎትተን ያወጣናት፣ አራት ዓመት የሠራናት፣ የኋላ ቀኝ ፓራፋንጎዋን፣ የጎማ መሸፈኛ ቆርቆሮዋን፣ በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ብቻሽን ቀጥቅጠሽ ያቀናሽላት። ጎረቤታችን ባትላሜራው እጁን አሳልፎ ዳሰሰና «ይህቺ ልጅ ራሷ መዶሻ ናት» ብሎ ስም አወጣልሽ። እኔም በዚያው ቀን «ያንቺ ናት» አልኩሽ። እናትሽ ቆማ ሰምታለች፤ መካድ አልችልም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለሥልጠና ሁለት ወር ሄደሽ ስትመለሺ መኪናዋ የለችም። የሞተሯ ቴስታታ ተሰንጥቆ ለብረት አቅላጭ ሰጠኋት አልኩሽ። አልተሰነጠቀም ነበር። ሙሉዋን፣ እየተነዳች፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖር አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ሸጥኳት። ከውጭ አገር ትምህርት ቤት የመጣልሽን የመግቢያ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ከተሽ «እዚሁ ከአባዬ ጋር እሠራለሁ» ማለትሽን እናትሽ ነግራኝ ነበር። ልጄ እንደኔ ግራሶ ጥፍሯ ሥር ገብቶ ታርጅ? አልኩ። መኪናዋ ከሌለች ግቢውን ትተዋለች ብዬ አሰብኩ። ተውሽውም። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በደወልሽ ቁጥር «ግቢው እንዴት ነው?» ትያለሽ እንጂ ስለ እሷ አንስተሽ አታውቂም። ረስታዋለች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ሰብሳቢው ሞተና ባለቤቱ መኪናዋን አስነድተው መጡ። «ከእርስዎ ነው የተገዛችው፣ እርስዎ ይሽጡልኝ» አሉኝ። እንዴት አድርገው እንደያዟት ብታዪ። ቀለሟ እኛ የቀባነው፣ ወንበሯ አንድ ቦታ እንኳን ያልተቀደደ፣ ክላክሷ ሳይቀር ይሠራል። ዞር ዞር ብዬ ሳያት ሴትየዋ እንዲህ አሉ፦

«አንዲት ልጅ መጥታ አይታት ነበር፤ መኪናዋ እኛ ጋ በመጣች በጥቂት ወሯ። ነገ እበራለሁ ብላ አልቀመጥም አለች። ያችን የኋላ ቀኟን በእጇ ዳበሰችና ‹ደህና ይዛችኋታል› አለችን። ማን ነሽ ስንላት የሻጩ ልጅ ነኝ አለች። ባለቤቴ ‹ለአባትሽ ምን ብለሽ ነው የመጣሽው?› ቢላት፣ ‹አያውቅም፤ እናንተም አትንገሩት፤ ራሱ ይነግረኛል› አለች።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ማን እንደነገረሽ አልጠይቅም፤ ባትላሜራው ከቆርቆሮ በቀር ምንም መያዝ አይችልም። እኔ ግን «ግቢው እንዴት ነው?» ስትዪኝ ምን እየጠየቅሽኝ እንደነበር ገና ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ ልጄ። የመኪና ጉድለት ከማላውቀው ሰው እንኳን የማልደብቅ ሰው፣ አንቺን ዋሸሁ። እናትሽም ተሰንጥቋል ያልኩትን አምናኝ ነበርና እውነቱን ስነግራት «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችና ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ሐሙስ ዕለት የጥርስ ሐኪሙ መጣ፤ ያ በየወሩ እያየ የማይገዛው ደንበኛዬ። ባለ ክንፏን ሲያይ እግሩ ተተከለ።

«ወረቀቷ የታለ ጋሼ?»

«ገና አልጻፍኩም።»

«ምን ጉድለት አላት?»

«የሰው ናት።»

«የሴትየዋ አይደለችም እንዴ?»

«የባለቤትነት ወረቀቱ የሳቸው ነው። መኪናዋ ግን የልጄ ናት፤ ሰጥቼ የነጠቅኳት።»

አፍ ማየት ሥራው ነውና አፌን ትንሽ አየኝ። «እንግዲያው ካዲላኳን ይሽጡልኝ» አለ፤ እንደማልሸጣት እያወቀ። ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን፣ እናትሽን ሐኪም ቤት የማመላልስባትን፣ «ይህቺን የሸጥኩ ቀን ቅበሩኝ» የምላትን።

ሸጥኩለት። በእሷ ዋጋ ባለ ክንፏን ከሴትየዋ ገዛሁ። የቀበረኝ የለም። በአውቶቡስ እንሄዳለን፤ ትናንት ሹፌሩን የፍሬን ሸራህ አልቋል ብዬው ተጣልተናል። እናትሽም ኩርፊያዋን ትታ አጠገቤ መቀመጥ ጀምራለች። ባለ ክንፏን ለምን አትነዳትም ብትዪኝ፣ ባለቤቷን ሳላስፈቅድ አልነዳም።

ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም። ሥራ አለሽ፣ ኑሮ አለሽ፤ መሄድሽም ስህተት አልነበረም፣ ስህተቱ እኔ ያስሄድኩሽ መንገድ ነው። ናፍቀሽኛል። ይህንንም በስልክ ማለት አልቻልኩበትም።

የቆመች መኪና ያለ ወረቀት አትቆምምና የእሷንም ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የመጨረሻውን መስመር በቀኝ በኩል ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። እንደ ድሮው አንቺ ጽፈሽ መልሺልኝ፤ የጻፍሽውን፣ የፈለገው ይሁን፣ ስፖኪዮዋ ላይ እሰቅለዋለሁ።

እጅሽ አይዛል፣ የያዝሽው ይቅናሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደህና ሰው ይግጠምሽ።

አባትሽ
ሐሜተኛው

የነዳጅ መለኪያዋ አይሠራም — ይጠገናል

የሹፌሩ በር ጎማ ደርቆ ዝናብ ያስገባል — ይጠገናል

የኋላ ቀኝ ፓራፋንጎዋ በልጅ እጅ የተቀጠቀጠ ነው፣ መዳፍ ላሳለፈበት ትንሽ ይጎረብጣል — ማንም እንዳይነካው

ሻጩ ልጁን ዋሽቷል —