በልጄ ፋንታ የተቀመጥኩበት ወንበር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12 ቀን

ርቃ ለማትርቀኝ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ደንግጫለሁ። ከደነገጥኩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ትናንት የሰው ጠረጴዛ እግር አሳጥሬ ቆረጥኩ። እኔ! ሜትር ሳልዘረጋ በዓይኔ የምቆርጠው ሰውዬ!

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ወንድምሽ ሚስቱን መታት። ስትደውዪ "ትንሽ ተጋጭተው ነው" ያልኩሽ ውሸት ነው። መታት፤ ከንፈሯ ተሰፋ። ልጃቸውን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ዳኛውም ወደ እስር ቤት በመላክ ፋንታ፣ ሚስቶቻቸውን የመቱ ወንዶች የሚማሩበት ቦታ በየሐሙሱ ለሃያ ስድስት ሳምንት እንዲሄድ አዘዘው።

ምራቴ ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ "አባባ፣ አንድም ቀን ሳይቀር አሥር ሳምንት ከተማረ እመለሳለሁ። ግን እርስዎ ዋስ ይሁኑኝ።"

"የእኔ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ዋስሽ ነኝ፤ የራስ ፀጉርሽን አይነካም" አልኳት።

የልጅ ልጄ ናፍቃኝ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሰፈሩ "የአናጢው ምራት ጥላ ሄደች" እያለ ሲያወራ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

ወንድምሽ ዘጠኝ ሐሙስ ሄደ። በአሥረኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሚስቱ እሁድ ልትመጣ፣ እሱ ሐሙስ ተኛ!

"ተነሥ እንጂ!"

"አልሄድም።"

"ለምን?"

"ሴትዮዋ አንድ ጥያቄ ጠይቃኛለች። ተወኝ አባባ።"

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ኮቴን ለብሼ በእሱ ፋንታ ሄድኩ! አትሳቂ። የሰፈር ስብሰባ በእሱ ፋንታ ስቀመጥ፣ የመንገድ ሥራ ሲወጣ በእሱ ፋንታ ድንጋይ ስሸከም ኖሬ የለም? አባት ከተገኘ ልጅ እንደተገኘ ነው ብዬ ነው። ስሙ ፊት ፈርሜ ልመለስ፣ አሥሩ ሊሞላ፣ አለቀ።

ክፍሏ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ናት። የፕላስቲክ ወንበሮች ክብ ሠርተዋል፤ የአንዱ እግር ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ግድግዳው ላይ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ወረቀት ተለጥፏል። አስተማሪዋ ያንቺ እኩያ የምትሆን ቀጭን ሴት ናት። እኔ የጠበቅኩት ጠረጴዛ የሚደበድብ፣ ወንዶቹን እንደ ሌባ የሚያዋርድ ሰው ነበር፤ መልሴንም እደረጃው ላይ አዘጋጅቼ ነው የገባሁት።

"አባባ፣ በልጅዎ ስም መፈረም አይቻልም" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አባቱ ነኝ እኮ!"

ከማዶ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ፀጉር አስተካካይ "አባባ፣ እዚህ ቤት ውክልና አይሠራም። ሚስቶቻችንን ስንመታ ወኪል ልከን ነው እንዴ?" አለ። ሁሉም ሳቁብኝ። ደሜ ፈላ።

"ይህን ሁሉ ደረጃ በዚህ ጉልበት ወጥቼ ሳልቀመጥ አልወርድም" አልኩ። ታውቂኛለሽ። እሷም ወንዶቹን "ዛሬ አብረውን ቢቀመጡ ትፈቅዳላችሁ?" ብላ ጠየቀች። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድምሽ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተናገረ። "እኔ ዳኛው ስላዘዘኝ ነው የመጣሁት" አለ፤ ደረቱን ነፍቶ።

"ልክ ነህ፣ መምጣቱን ዳኛው አዝዞሃል። መለወጡን ግን ዳኛም እኔም ልናዝህ አንችልም፤ የራስህ ነው። ለመሆኑ ለመለወጥ ያለህ ፍላጎት ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ላይ ነው?"

"ሦስት።"

አሁን ጉዱ ፈላ፣ ልትጮህበት ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን "ሦስት። ለምን ዜሮ አላልክም?" አለችው።

ሰውዬው ያን ሁሉ ደረት የት እንዳደረሰው እንጃ። "ልጄ..." አለ፣ "የመኪናዬን ድምፅ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች። ከዚያ እንድትወጣልኝ እፈልጋለሁ።"

እኔ መታገሥ አቃተኝ። "ምን ዓይነት ማባበል ነው ይሄ! ሚስማር በልመና እንጨት ውስጥ ይገባል እንዴ? ወንድ ልጅ ቆጣ ተብሎ ነው የሚታረመው!"

"የሚያርመው ቁጣ ነው ይላሉ" አለችኝ።

አልተከራከረችኝም! ብትከራከረኝ አሸንፋት ነበር፤ ክርክር የለመድኩት ነው። ዝም ብላ የራሴን ቃል እጄ ላይ ስታስቀምጥልኝ ግን የምይዘው አጣሁ።

"አዎ! ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ከቤቴ ድምፅ ወጥቶ ጎረቤት ሰምቶ አያውቅም።"

"ቤትዎ ጸጥ ያለ ነበር።"

"እንዴት ያለ ጸጥታ! ቁልፌ በሩ ላይ ሲዞር ገና ነው ወሬው የሚቆመው። የልጆቹ ሳቅ እንኳ እዚያው..."

ልጄ፣ እዚህ ላይ ምላሴ ተሳሰረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማንም አልሰደበኝ፣ ማንም "አንተስ?" አላለኝ። እኔው ራሴ፣ በገዛ አፌ፣ በኩራት! የቀለደብኝ ፀጉር አስተካካይ ጫማውን ያያል። ሾፌሩ እኔን ያያል።

ያኔ አንቺ ታየሽኝ። ትዝ ይልሻል፣ እኔ የሠራሁት ትልቁ ቁምሳጥን? ልብሶቹ መሀል ገብተሽ ትቀመጪ ነበር። እኔም ለደንበኞቼ "ልጄ የእንጨት ሽታ ትወዳለች፤ የአናጢ ልጅ አይደለች!" እያልኩ ስስቅ ኖርኩ። የእንጨት ሽታ! ሃምሳ ሰው ፊት አውርቼዋለሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ገባኝ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያን ቀን ገባኝ።

የእናትሽንም ጆሮ አሰብኩ። ግራውን፣ የማትሰማበትን። ለሐኪሙ በር መታት ብለናል። እሷም በር ነው ብላለች፤ እስክትሞት በር ነው እንዳለች ነው። በር እንዳልሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላስታውስም። አስተማሪዋ አልፈረመችልኝም፤ የወንድምሽ ስም ፊት "ቀርቷል" ብላ ጻፈች።

በማግሥቱ ምራቴ ደወለች። "አባባ፣ ሄደ አይደል? እሁድ እንምጣ?" ከኋላዋ የልጅቷ ድምፅ ይሰማኛል። "ሄዷል" ማለት ምን አላት? አንዲት ቃል ናት። አፌ ውስጥ ነበረች። እናትሽን ሦስት ጊዜ ከአባቷ ቤት የመለሳት አባቴ ነው፤ እሱም ሦስቱንም ጊዜ "ዋስሽ ነኝ" ብሎ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ዋስነቱ ሳምንት አልሞላም።

"አልሄደም" አልኳት። "የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ላታልልሽ። ዋስ ልሆንሽ አልችልም። አትምጪ።"

"አባባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድምሽ የሥራ ቤቴን በር በርግዶ ገባ። "ሚስቴን አትምጪ ያልካት አንተ ነህ?" አለ። ነኝ አልኩት። "በገዛ ቤቴ! በገዛ ልጄ!" እያለ ቀረበኝና እጁን አነሣ። ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው። አንገቴን ቀበርኩ። በሁለት ክንዴ ራሴን ሸፍኜ የእንጨቱ ክምር ላይ ተለጠፍኩ። እኔ! በዚህ ሰፈር ማንም ፊቴን ቀና ብሎ የማያየኝ! ሰው እጅ ሲነሣበት ገላው ምን እንደሚሆን በዚያች ደቂቃ አወቅኩ። እናትሽ አርባ ዓመት አውቃዋለች።

አልመታኝም። ቀና ስል እጁ አየር ላይ እንዳለ ያየኛል። ያየው እኔን ይሁን ሚስቱን እንጃ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የእንጨቱ ፍቅፋቂ ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ዓይኑን ጠርጎ "ሴትዮዋ 'ልጅህ ስታድግ ስለ አባቷ ምን እንድትል ትፈልጋለህ?' አለችኝ" አለ። "መልስ ልፈልግ ስል እኔ ስለ አንተ የምለው መጣብኝ። እሱን ሰው ፊት መናገር ስላልቻልኩ ነው የቀረሁት።"

"ምንድን ነው የምትለው?" አልኩት። አልነገረኝም። እኔም ደግሜ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ነበር። ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነሣና ሄደ። ሲመለስ ስልኩን ይዞ ደጅ ቆመ። እኔ መላጊያዬን አቁሜ ሰማሁ፤ አዎ፣ ተደብቄ ነው የሰማሁት። "አባባ የነገረሽ ልክ ነው" ይላታል። "አትምጪ። እኔ ገና ነኝ።" በእኛ ዘር ወንድ ልጅ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ደስ ይበለኝ ልዘን አላወቅኩም፤ ደነገጥኩ እንጂ። ምራቴ እናቷ ዘንድ ናት፤ ትመለስ ትቅር የእሷ ነው። የልጅ ልጄን በስልክ አነጋግሬያታለሁ፤ ጥርሷ ወልቋል።

አንቺንም በደወልሽ ቁጥር "መቼ ነው የምትመጪው? አባትሽን ረሳሽው?" እያልኩ አስጨንቄሻለሁ። ከእንግዲህ አልልሽም። ይቅር በዪኝም ገና አልልሽም፤ ምኑን ይቅር እንደምትዪ እኔ ራሴ ጨርሼ አላወቅኩትማ። እኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ የመታ ሰው ይረሳል መሰለኝ። አንቺ ግን ታስታውሻለሽ። ከቻልሽ፣ ካልከበደሽ፣ ያየሽውን ጻፊልኝ። እንዳላዝን ብለሽ አታሳጥሪው። ሌላ ሰው አላስነብብም፤ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ እኔው አነበዋለሁ፤ ወር ይፍጅ።

ፈጣሪ የሄድሽበትን ያቅናልሽ፤ እጅሽ የያዘውን ይባርክልሽ፤ ደግ ሰው ጎንሽ ያቁምልሽ።

አባትሽ