አስረኛው ልጅ እስኪመጣ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የክትባት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የእኛ በእጅዎ ነውና የእርስዎ ይሰንብትልን። እኔ ልብስ ሰፊና አስም ያለባት የአምስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄን ኢንፍሉዌንዛ ሳይቀድመኝ ላስከትብ ሦስት ቀን ደጅዎ ተመላልሼ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ በአደባባይ ካላመሰገንኩ ቅር ይለኛል።

፩. አንዱ የክትባት ብልቃጥ ለአስር ልጅ ስለሚበቃ፣ ትራፊው እንዳይባክን ብለው አስር ሳይሞላ እንዳይከፈት በማዘዝዎ እጅዎ ይባረክ። ሦስቱንም ቀን ዘጠኝ ሆነን ውለናል።

፪. ብርድ እንዳይመታን መስኮቱን አስቸንክረው፣ ከሚያስሉ ሕመምተኞች ጋር በአንድ ክፍል ስላጎሩን ዕድሜ ይስጥልን። አየር ላግኝ ብዬ ብወጣ ተራዬ ይሰረዛል፤ ትቼ ልሂድ ብል ዘጠኙ ስምንት ሊሆን ነውና የእናቶቹ ዓይን ከበር ይመልሰኛል። እኔም ብሆን አንዷ ልትነሳ ስትል ቀሚሷን ይዤ አስቀምጫታለሁ። እስር ቤት እንኳ ለጠባቂ ደመወዝ ይከፍላል፤ እርስዎ ግን እርስ በርሳችን በነጻ አስጠበቁን።

፫. ይህን ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ አላስችል አለኝ እንጂ። ፍሪጁ ላይ ያስለጠፉት «ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ይጣል» የሚለው መመሪያ ለኩፍኝ ክትባት የወጣ ነው። የኢንፍሉዌንዛው ብልቃጥ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሃያ ስምንት ቀን እንደሚቆይ የገዛ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ሥራ ፈትቼ ፊት ለፊቱ ስቀመጥ በፍሪጁ የመስታወት በር አነበብኩት። ብልቃጡ ልጆቹን መጠበቅ ሲችል ልጆቹ ብልቃጡን ጠበቁ ማለት ነው። የእርስዎ ጠረጴዛ ከፍሪጁ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ማግስት ልጄን ትኩሳት ጣላት። ይህን የምጽፈው ከቢሮዎ በላይ ካለው የሕፃናት ክፍል ነው፤ ኦክስጅን ተደርጎላት ቀኝ እጄን አልለቅም ስላለች በግራዬ ነውና ለፊደሌ ይቅርታ። በጣም ፈርቻለሁ። ይህችኛዋ ሽሙጥ አይደለችም።

ለማይነቃነቀው ደንብዎ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ከወንበርዎ እንዳይነሱ ዘወትር የምትጸልይልዎ፣
የአራት ቁጥር አልጋ አስታማሚ

ማሳሰቢያ፦ አስር ልጅ ሲሞላ እንድናሳውቅዎ አዝዘውን ነበር። አስር አልጋ ባለው ክፍላችን የመጨረሻው አልጋ ዛሬ ጠዋት ተይዟል፤ አብዛኞቹም ከወረፋው የማውቃቸው ልጆች ናቸው። እንግዲህ ሞልተናል፤ ብልቃጡን መክፈት ይችላሉ።